የአማቴ ድድ

በጥርጣሬ የሚያየኝን ሰው ከሩቅ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ሰው በቀላሉ ስለማላምን ይሆናል። ሥጋ ቤት ስገባ ዓይኔ ከሚዛኑ አይነሳም፤ ተደውሎ የተዘጋ ስልክ ቀኑን ሙሉ ያብሰለስለኛል፤ ከመጠን በላይ የሚስቅልኝ ሰው ደግሞ ምን ፈልጎ ይሆን ያሰኘኛል። ስለዚህ ያን እሑድ የባለቤቴ እህት ከእናቷ ክፍል የትራስ ልብስ ይዛ ስትወጣ፣ ገና አፏን ሳትከፍት ምን ልትለኝ እንደሆነ ገብቶኝ ነበር።

ጨርቁ ላይ ደም ነበር። ብዙ አይደለም፤ የደረቀ፣ ዙሪያው ገርጣ ያለ ነጠብጣብ ነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለችኝ።

"ደም ነዋ።"

"ደም መሆኑንማ አየሁት። የምን ደም ነው?"

"እኔ በምን አውቄ?"

እውነቴን ነበር፤ አላወቅሁም። ግን ከዚያ የባሰ መልስ ማግኘት አልችልም ነበር። ጨርቁን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሊጠይቅ መጥቶ የቆሸሸ የትራስ ልብስ ይዞ የሚሄድ እንግዳ አይቼ አላውቅም። ማስረጃ እየሰበሰበችብኝ መሆኑ ያኔ ገባኝ።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ሲያትል ውስጥ፣ ከማውንት ቤከር ኮረብታ ግርጌ፣ ባለ ሁለት መኝታ ኪራይ ቤት ነበረን። ሀብታሞቹ ከላይ ሆነው ሐይቁን ያያሉ፤ እኛ ከታች ሆነን አውቶቡሱን እናያለን። እኔ ጠዋት ጠዋት አንድ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ከሰዓት በኋላ ታክሲ ይነዳል። እንዲህ እየተፈራረቅን እናቱን እንጠብቃለን። አማቴ ወደ እኛ ሲመጡ ሙሉ ሰው ነበሩ። ቆይተው ግን መርሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ቀኑን፣ ቀጥሎ የቤቱን በር፣ ቀጥሎ እኔን። ሐኪማቸው የመርሳት በሽታ ነው፣ ወደ ኋላ የሚመለስ አይደለም ብላ ነግራናለች። ልጃቸውን አንዳንዴ ያውቁታል። እኔን ግን "የዚህ ቤት ሴትዮ" ነበር የሚሉኝ።

እሱን ለምጄው ነበር። ያልለመድኩት ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው። "የዚህ ቤት ሴትዮ መርዝ ታበላኛለች" ማለት ጀመሩ።

ነገሩ የጀመረው ምግብ በመግፋት ነው። መጀመሪያ የጾሙ መስሎን ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲጾሙ የኖሩ ሴት ሳህን ሲገፉ ብሉ ብሎ የሚያስገድድ ማን አለ? ባለቤቴ እንዲያውም ደስ ብሎት "ሁሉን ቢረሱ ጾሙን አልረሱም" ይል ነበር። በኋላ ግን በፋሲካውም ገፉ። የሚወዱትን ቆሎ አፋቸው ውስጥ ትንሽ ያንከባልሉና አውጥተው የሶፋው ትራስ ሥር ይደብቁታል። ሶፋውን በቫኩም ስጠርግ እየተንኳኳ የሚገባው እሱ ነበር። ለመንገድ ስንቅ እያስቀመጡ ይሆናል ብዬ ጠረጠርኩ፤ ከእኔ ቤት ጠፍተው ሊሄዱ።

ከዚያ መጠጡ መጣ። አንድ ቀን ወተት ሳቀርብላቸው ትክ ብለው አዩኝና "ቅመሺ" አሉኝ። ነገሩ የድሮ ወግ ነው። ለትልቅ ሰው የሚጠጣ የሚያቀርብ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለት ነው። ስሜን የረሱ ሴትዮ ይህን አልረሱም። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተቱንም፣ ሻዩንም፣ ሾርባውንም መዳፌ ላይ ጠብ እያደረግሁ በፊታቸው ስቀምስ ኖርኩ። እናደድ ነበር፣ አልዋሽም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ወጥ ቤቴ፣ ነፍሰ ገዳይ አለመሆኔን በየቀኑ ማስመስከር ነበረብኝ። ቀምሼም ግን አላመኑኝም። ጠጣ ያደርጉና ፊታቸው ይጨማደዳል፤ "መራራ ነው" ይላሉ። አንዳንዴም በጥፊ ይሉኛል።

የባለቤቴ እህት ኬንት ነው የምትኖረው፤ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች፤ እሑድ እሑድ እናቷን ልታይ ትመጣለች። ከእኔም ከባለቤቴም ትበልጣለች። በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው፤ የከሱ እናት፣ የተደበቀ ቆሎ፣ ደም ያለበት ትራስ፣ እና "መርዝ" የሚል ቃል። እኔም እሷን ብሆን እጠረጥር ነበር። ይህን ማወቄ ግን ንዴቴን አላበረደውም።

አንድ ጠዋት የእናቷ ጉንጭ አብጦ ተገኘ። ባለቤቴ ኮል አደረገላት። ፈቃድ ወስዳ መጣችና ሦስታችን፣ እሷ፣ አማቴና እኔ፣ ወደ ሐኪማቸው ሄድን። አስተርጓሚ እኔ ነኝ አለች፤ እኔ እንድተረጉም አላመነችኝም።

ሐኪሟ አማቴን አፍዎን ይክፈቱ አለቻቸው። መብራቷን አስገብታ ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አማቴ ድዳቸው ተነቅሷል፤ በልጅነታቸው፣ በመርፌና በጥላሸት፤ ከፊት እስከ መንጋጋ ድረስ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ ላይ ሲታይ ውበቱ ያ ነበር። ሐኪሟ ይህን ከየት ታውቀዋለች? ድንገት ዞር ብላ፣ እርሳስ ወይም ሌላ መርዛማ ነገር ወደ ሰውነታቸው ገብቶ ይሆን፣ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ ወይ ብላ ጠየቀች።

መርዝ። ቃሉ ከፈረንጅ አፍ ወጣ። የባለቤቴ እህት አልተረጎመችውም፤ እኔን ብቻ አየች። እኔ እንግሊዝኛው እንዳይገባኝ ፈልጋ ከሆነ፣ ገብቶኝ ነበር።

"ንቅሳት ነው በያት እንጂ!" ጮህኩባት። "የእናትሽን ንቅሳት አታውቂውም?"

እሷም ከድንጋጤዋ ነቃችና ነገረቻት። ሐኪሟ እፎይ አለች፣ ሳቀች፤ ነርሷንም ጠርታ አሳየቻት። አማቴ እንዲህ ሲከበቡ ደስ አላቸውና አፋቸውን የበለጠ ከፈቱላቸው። ሁለቱም አደነቁ። ከዚያ መብራቱ ጠፋ፣ አፍ ተዘጋ፣ የአፍ ነገር በዚያው አለቀ። ለጉንጫቸው እብጠት በረዶ ያዙበት ተባልን።

ደም ግን ተወስዶ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ሦስታችን ተመልሰን ሄድን፤ እርሳስም ሌላ መርዝም አልተገኘም። ሐኪሟ አንድ ነገር ግን አስቸግሯታል። ደማቸው ውስጥ የብግነት ምልክት አለ፤ ማለትም ሰውነታቸው የሆነ ቦታ ተቆጥቶ ከአንድ ነገር ጋር እየታገለ ነው። የመርሳት በሽታ ያለበት ሰው ላይ እንዲህ ያለ ነገር ሲጨመር መወናበዱ፣ ጥርጣሬው፣ መማታቱ ይብሳል አለች። ሽንታቸውን አየች፣ ሳንባቸውን አዳመጠች፣ ምንም የለም። "ከየት እንደሚመጣ እንፈልጋለን" ብላ አሰናበተችን።

መኪና ውስጥ የባለቤቴ እህት ቁልፉን ሰክታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተወችው። "በምርመራ የማይታይ መርዝም አለ ይባላል" አለች፣ መሪውን እያየች።

"ያለው ማን ነው?"

"ሰው።"

ከኋላ ወንበር አማቴ አሁንም ጉንጫቸው ላይ በረዶ ይዘው መስኮቱን ያያሉ። ያን ቀን እሷን ከመኪናው ጎትቼ ላወርዳት ፈልጌ ነበር። መኪናው የእሷ ባይሆን ኖሮ።

በሚቀጥለው እሑድ ወሳኙን ነገር ይዛ መጣች። "ሶ፣ ኬንት ውስጥ ናርሲንግ ሆም አግኝቻለሁ፤ ቦታ አለ ብለውኛል። እማዬን እወስዳታለሁ" አለች ለወንድሟ። "ካልሆነ ሪፖርት አደርጋለሁ። እዚህ ቤት የሆነ ነገር እየተሠራባት ነው።"

ባለቤቴ ሁለት ሴቶች ሲጋጩ የታክሲውን ዘይት ለማየት የሚወጣ ሰው ነው። ያን ቀን እንኳን አልወጣም፤ ግን አልተናገረምም። እኔን ያሳበደኝ ዝምታው ነበር። እሱም ጠርጥሮኝ ይሆን? አሥር ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛ ሰው፣ ልቡ ጥግ ላይ "ምናልባት" የምትል ነገር ተቀምጣ ይሆን? ፊቱን ፊቱን አየሁት። ፊቱን መለሰ።

ፈርቼ ነበር። አማቴ እዚያ የአዛውንት መጦሪያ ከገቡ ውሃ ቢጠማቸው በአማርኛ የሚሰማቸው የለም፤ የሚቀምስላቸውማ ጨርሶ የለም፤ ሁሉንም ገፍተው ይደርቃሉ። እኔ ደግሞ በሲያትል ሐበሻ ሁሉ ፊት አማቷን ልትመርዝ ስትል የተያዘች ተብዬ እቀራለሁ። ለእሳቸውም ለራሴም ነው የፈራሁት፤ የቱ እንደሚበልጥ አሁንም አላውቅም።

እንደዚያ እየተጨቃጨቅን የአማቴ ሰዓት ደረሰ። ወተት አሙቄ አመጣሁ። በልጆቻቸው ፊት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ ቀመስኩና ሰጠኋቸው። ጠጣ አደረጉ፣ ፊታቸው ተጨማደደ፣ አፋቸው የገባውን መልሰው ኩባያው ውስጥ ተፉት።

"መራራ! መርዝ ነው!"

"ሰማሽ?" አለች የባለቤቴ እህት፣ ብድግ ብላ። "በጆሮሽ ሰማሽ?"

ያኔ ነው የፈላሁት። "መርዝ ከሆነ ልሙታ!" ብዬ ኩባያውን ከእጃቸው ነጠቅሁና፣ የተተፋበትን ወተት፣ ልክ እሳቸው በጠጡበት በኩል፣ ገጥሜ ጠጣሁት።

ግማሽ ላይ ቆምኩ። ቅድም ከመዳፌ የቀመስኩት ወተት አልነበረም። የደም ጣዕም አለው፤ ሽታውም ወጥ ቤት ውስጥ የተረሳ ሥጋ ሽታ ነው። ኩባያውን ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ጠርዙ ላይ ቀይ ክር ነበር። መርዙ ወተቱ ውስጥ አልነበረም። አፋቸው ውስጥ ነበር። ምስኪኗ ሴትዮ እውነታቸውን ነበር፤ የሚጎርሱት ሁሉ መራራ ሆኖባቸዋል፤ ከራሳቸው አፍ እንደሚመጣ ግን በምን ይወቁ?

"እማማ፣ አፍዎን ይክፈቱልኝ" አልኳቸው። ከንፈራቸውን ግጥም አደረጉ። ደግሜ ለመንኩ። እጄን ሊመቱ ሰነዘሩ። ከዚያ ሐኪም ቤት ሲከበቡ የነበረው ደስታቸው ትዝ አለኝ።

"እማማ፣ እስቲ ንቅሳትዎን ያሳዩኝ። እንዲህ አድርጎ ያሳመረው የማን እጅ ነው?"

ፊታቸው በራ። ላይኛውን ከንፈራቸውን በሁለት ጣታቸው ሰቅለው፣ እንደ ሙሽራ አንገታቸውን ቀና አድርገው አሳዩኝ። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ያማረ ድድ። የሌላ ሰው ድድ ቢሆን ቀልቶ፣ ተቆጥቶ፣ ከሩቅ ይጮህ ነበር። የእሳቸው ጥላሸቱ ሁሉን ሸፍኖታል። በጣቴ ጥርሳቸው ሥር ነካ አደረግሁት። ጮሁና በጥፊ አሉኝ። ጣቴ ላይ ግን ደምና መግል ነበር። እሱን ለባለቤቴ እህት ዘረጋሁላት።

ጣቴን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። "አንቺ ነሽ ያደማሻት" አለች።

ያን ጊዜ ባለቤቴ ተናገረ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ። "ነገ ጥርስ ሐኪም ጋ እንሄዳለን" አለ። እህቱም እመጣለሁ አለች። ለእናቷ ሳይሆን እኔን ለመጠበቅ መሆኑን ያወቅሁት ቦርሳዋን አጥብቃ ስትይዝ ሳያት ነው።

የሄድነው ዋይት ሴንተር ውስጥ፣ ከአንድ የቬትናም ዳቦ ቤት አጠገብ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ነው። ሐኪሟም የቬትናም ሰው ነበረች፤ አጭር፣ ድምፅዋ ቀስ ያለ። አማቴ ንቅሳታቸውን አሳዩዋት። አልደነገጠችም፣ አልሳቀችምም። "አያቴ ጥርሷን ያጠቆረች ነበረች፤ በኛ አገር ያ ነበር ውበቱ" አለች። "ሰው ሁሉ ጥቁሩን ሲያይ እዚያው ላይ ይቆም ነበር። የታመመ ጥርስ እንዳላት ሳይታወቅ ብዙ ተሰቃየች።" ከዚያ ቀጭን መሣሪያዋን ጥርሳቸውና ድዳቸው መሃል አስገባች። ጥልቅ ገባ። ራጅ አነሳችና ሰሌዳው ላይ ሰቀለችው። ጥርሱን የሚይዘው አጥንት ተበልቷል፤ ከኋላ ያሉት ጥርሶች በሥጋ ብቻ ነው የቆሙት።

"ለምን ያህል ጊዜ ሲያማት ቆየ?" ብላ ጠየቀች።

የባለቤቴ እህት ራጁን እያየች ማልቀስ ጀመረች። የትራሱ ደም ከየት እንደመጣ እዚያ ሰሌዳ ላይ ነበር። እኔ አላባበልኳትም፤ ያን ያህል ጥሩ ሰው አይደለሁም።

ሐኪሟንም ጠርጥሬያት ነበር። ጥርስ ሐኪም ችግሩ ሁሉ ከጥርስ ነው ቢል ምን ይገርማል? "መርሳታቸውስ ከዚህ የመጣ ነው?" አልኳት፣ እንድትዋሽልኝ እየጠበቅሁ።

"አላውቅም" አለች። "ድድ ከቀረው ሰውነት ጋር ግንኙነት አለው ብለው የሚጠረጥሩ ሐኪሞች አሉ። እኔም እጠረጥራለሁ። ግን ጥርስ ስለነቀልኩ አእምሮዋ ይመለሳል ብዬ አልዋሽሽም። ይህን ያህል ግን እነግርሻለሁ፤ ሰውነቷ ቀንና ሌሊት ከዚህ አፍ ጋር ሲዋጋ ነበር። የደከመ አእምሮ ይህን ሁሉ አይችልም። የሚያማትን ደግሞ መናገር አትችልም።"

እሷን ወደድኳት። ከእኔ ሌላ በአግባቡ የሚጠረጥር ሰው ያገኘሁት ያን ቀን ነው።

የማይያዙት ጥርሶች ተነቀሉ፣ የቀረው ታጠበ፣ መድኃኒት ታዘዘ። ማጽዳቱ በኔ ላይ ወደቀ፤ ብሩሽ ሲያዩ ይናከሳሉ። ስለዚህ ማታ ማታ ጣቴ ላይ ንጹሕ ጨርቅ እጠመጥምና "እማማ፣ ንቅሳትዎን" እላለሁ። ከንፈራቸውን ሰቅለው ይኮሩብኛል፤ እኔ እያደነቅሁ እጠርግላቸዋለሁ። ትራሱ ነጭ ሆነ። ጉንጫቸው ጎደለ። መማታቱ ቀረ፣ ሌሊቱን ይተኛሉ፤ አንድ ቀን ልጃቸውን በስሟ ጠሯት፣ እሷም ሽንት ቤት ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ደማቸው ዳግመኛ ሲታይ ብግነቱ በርዷል ተባልን። መርሳታቸው ግን አልለቀቃቸውም፤ ጥርስ ሐኪሟ እንዳለችው ነው። ድዱ ቀድሞ ቢታይ ኖሮ ስንት ነገር ይተርፍ ነበር ብዬ እስካሁን እጠረጥራለሁ።

የባለቤቴ እህት ይቅርታ አላለችኝም። "ኬንት ያለውን ቦታ ለሌላ ሰው ሰጡት" ብቻ አለች፤ እነሱ የነፈጓት ይመስል። የትራስ ልብሱንም አጥባና ተኩሳ አመጣችው። ተቀበልኳት። ቂሜን ግን ወዲያው አልጣልኩትም፤ ሻይ ሳቀርብላት እያየኋት መዳፌ ላይ ጠብ አድርጌ እቀምስላት ነበር። እሷም ዓይኗን ትሰብር ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት፣ እሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ለአማቴ ሻይ ይዤ መጣሁ። እንደ ልማዴ መዳፌን ዘረጋሁ። አማቴ ኩባያውን ከእጄ ወሰዱት። በገዛ መዳፋቸው ላይ ጠብ አደረጉ፣ ቀመሱ፣ አንዳች ነገር እንደሚጠብቅ ሰው አጣጣሙት። ከዚያ ኩባያውን መልሰው ለእኔ ሰጡኝ።

"ጠጪ ልጄ" አሉኝ። "ቀምሼልሻለሁ።"

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። እሳቸውም ጠጋ አሉኝና፣ ወደ ወጥ ቤቱ በኩል በዓይናቸው እያመለከቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"የዚህ ቤት ሴትዮ እጇ አይታመንም። ሳልቀምስልሽ ከእሷ እጅ ምንም እንዳትጠጪ።"

የባለቤቴ እህት አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም።

"እሺ እማማ፣ አልጠጣም" አልኩና ሻዩን ጠጣሁት።